የማን ልጅ ነህ ላሉህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትህ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ከሰንበት ቅዳሴ አልቀረችም፤ እህትህም አዲሱን ሥራዋን ጀምራለች።

ባለፈው በስልክ የነገርከኝ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የእጮኛህ አጎት እዚያው ሎንዶን ቤታቸው ጠርተው ካስተናገዱህ በኋላ፣ «እኛ ልጃችንን የምንሰጠው ለጀንትልማን ነው፤ የጨዋ ልጅ መሆንህን በምን እንወቅ? አያትህ ምን ነበሩ?» ብለው ጠየቁህ። አንተም «አባቴ አስተማሪ ነው» ብለህ አያትህን ዘለልካቸው። አልወቅስህም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰው ቤት፣ በማዕድ ፊት ሲቀርብ ምላስ ያስራል። ነገር ግን ጥያቄው ያለ መልስ እንዲያድር አልፈልግም። አጎቷ ሁለት ቃል ጠርተዋል፤ አንዱ የእንግሊዝ ነው፣ አንዱ የእኛ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለቱ ቃላት ከየት ተነሥተው የት እንደ ደረሱ ልጽፍልህ እችላለሁ። ረዘም ቢልም ታግሠህ አንብበው።

ከእንግሊዙ ልጀምር። የዛሬ እንግሊዝ «ጀንትል» ሲል ገር፣ ለስላሳ፣ ረጋ ያለ ማለቱ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ጀንትልማንን «ገር ሰው» አድርጎ ይተረጉመዋል። የቃሉ መነሻ ግን ከገርነት ጋር ዝምድና የለውም። በጥንቷ ሮም «ጌንስ» የሚባል ነበር፤ በአንድ ስም የሚጠራ፣ ከአንድ አባት ወርደናል የሚል ጎሣ ነው። የጎሣው አባል «ጌንቲሊስ» ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው የሕግና የሸንጎ ሰው ሲሴሮ፣ ጌንቲሊስ የሚባለው ማን እንደሆነ ሲተነትን መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። አንድ ስም የሚጋሩ መሆን አለባቸው፤ ከነጻ ሰዎች የተወለዱ መሆን አለባቸው፤ ከአያት ቅድመ አያቶቻቸው አንድም ሰው በባርነት ያላገለገለ መሆን አለበት፤ ራሳቸውም የዜግነት መብታቸውን ያልተገፈፉ መሆን አለባቸው። አለቀ። ስለ ጠባይ አንድ ቃል የለም። ሰውየው ቃሉን ይጠብቅ ያፍርስ፣ ለድሀ ይራራ ይጨክን፣ አልተጠየቀም። የአያቶቹን ነገር ግን እስከ ሥሩ ተጠይቋል። ይህቺን ሦስተኛዋን መለኪያ፣ የባርነቷን፣ በልብህ ያዛት፤ ወደ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ያው ቃል በቤተ ክርስቲያን ላቲን ሌላ መንገድ ያዘ። በመጽሐፍ ቅዱስ ከእስራኤል ውጭ ያሉ ሕዝቦች «ጌንቴስ» ተባሉ፤ እኛም በግእዝ «ሕዝብ» የሚለውን አብዝተን «አሕዛብ» ስንል ያደረግነው ይህንኑ ነው። እናም በእንግሊዝኛ አሕዛብ ማለት የሆነው «ጀንታይል» እና ጀንትልማን ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ አንዱ የወገን ሰው ነህ ይላል፣ አንዱ ከወገን ውጭ ነህ ይላል።

በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ቃሉም ወደ እንግሊዝ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። በጊዜው ፈረንሳይኛ «ጀንቲል» ከትልቅ ቤት የተወለደ ማለት ነበር። ገርነቱ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ከትልቅ ቤት የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ጠባይ ይኖረዋል ከሚል ተስፋ የመጣ።

ተስፋው ያልታያቸው ሰዎች ግን ነበሩ። በ1381 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ገበሬዎች በግብር ተማርረው ሲነሡ፣ ጆን ቦል የሚባል ቄስ ዛሬ የሎንዶን ክፍል በሆነው በብላክሂዝ ሜዳ ላይ ሰበከላቸው። የስብከቱ መነሻ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ያኔ ጀንትልማኑ ማን ነበር?» በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሰቀሉት። አያትህ ይህን ጥያቄ ቢሰሙት እንዴት ደስ ባላቸው! የሔዋን ፈትል ያለ ሸማኔ ልብስ አይሆንማ።

ቄሱ ተሰቀለ እንጂ ጥያቄው አልተሰቀለም። ሕግ አውጪዎቹ ግን በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። በ1413 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ ጊዜ በወጣ ሕግ፣ ሰው ሲከሰስ ማዕረጉ ወይም ሙያው በክስ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ታዘዘ። እንግዲህ መሬት ያለው፣ ነገር ግን ከፍ ያለ ማዕረግ የሌለው ሰው ምን ተብሎ ይጻፍ? ጀንትልማን ተብሎ ይጻፍ ጀመር። በዚህ መንገድ ቃሉ የጽሕፈት ቤት ማዕረግ ሆነ። ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በኋላ የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት አማካሪ የነበረው ቶማስ ስሚዝ፣ በእንግሊዝ አገር ጀንትልማን በርካሽ እንደሚሠራ ጻፈ። ሕግ ያጠና፣ ዩኒቨርሲቲ የዋለ፣ በአጭሩ በእጁ ሳይሠራ ተቀምጦ መብላት የሚችልና የጀንትልማንን ወጪና አኳኋን የሚሸከም ሁሉ ጌታ ይባላል፤ ከከፈለም የአርማ መዝጋቢዎቹ የቤተሰብ አርማ ይሰጡታል። ልብ በል፤ ዘሩ ተትቶ በምትኩ የመጣው መለኪያ እጅ ነው። እጅህን ካላቆሸሽክ ጀንትልማን ነህ።

በዚህ መንገድ ከተጠቀሙት ቤተሰቦች አንዱ የዊልያም ሼክስፒር ነው። አባቱ ጆን ጓንት ሰፊ ነበር፤ ቆዳ ያለፋ ነበር። በእኛ አገር ቢወለድ ኖሮ ፋቂ ተብሎ ይሰደብ ነበር ማለት ነው። በ1596 እ.ኤ.አ. በጥቅምት አርማ ተፈቀደለትና ጀንትልማን ሆነ፤ ልጁም አብሮ ሆነ። ከአርማ መዝጋቢዎቹ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ለተዋናይ አርማ ይሰጣል ወይ?» በሚል መንፈስ ክስ አቅርቦ ነበር። ዛሬ የእንግሊዝ ሕዝብ ከወለዳቸው ሁሉ በላይ የሚኮራበትን ሰው ነው እንዲህ ያለው።

የእጅ ነገር እንዴት ሥር የሰደደ እንደሆነ ማየት ከፈለግክ እዚያው የምትኖርበት ከተማ ውስጥ ያለውን የሎርድስ ክሪኬት ሜዳ ታሪክ ተመልከት። ከ1806 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. «ጀንትልሜን» እና «ተጫዋቾች» የሚባሉ ሁለት ቡድኖች ይጋጠሙ ነበር። ጀንትልሜኑ ደመወዝ የማይቀበሉ ናቸው፤ ተጫዋቾቹ በሙያው እንጀራቸውን የሚበሉ። የሚለብሱበት ክፍል የተለያየ፣ ወደ ሜዳ የሚገቡበት በር የተለያየ፣ በውጤት ወረቀት ላይ ስማቸው የሚጻፍበት አኳኋን እንኳ የተለያየ ነበር። የሠራበትን ዋጋ መቀበል ሰውን ዝቅ ያደርጋል የሚል እምነት በአንድ ስፖርት ውስጥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኖረ። ይህ የቅርብ ጊዜ ነው ልጄ፤ ክፍፍሉ ሲሻር እኛ አዲስ አበባ ላይ ዩኒቨርሲቲ ከፍተናል።

ይሁን እንጂ ለእንግሊዞች አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ቃሉን ከዘር ወደ ጠባይ ለመሳብ የታገሉ ሰዎች በመካከላቸው አልጠፉም። በ1852 እ.ኤ.አ. ጆን ሄንሪ ኒውማን የተባለው የካቶሊክ ካህን ለደብሊን ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት በጻፋቸው ንግግሮች ውስጥ፣ ጀንትልማን ማለት ሰውን የማያሳምም ሰው ነው ቢባል ለትርጉሙ እጅግ የቀረበ ነው አለ። በቃ፤ የማያሳምም። አርማ የለ፣ መሬት የለ፣ አያት የለ። እኔ በክፍል ውስጥ ልጆቹን ሁሌ የማቆማቸው እዚህች ላይ ነበር፤ ከሲሴሮ እስከ ኒውማን ቃሉ ምን ያህል መንገድ እንደ ተጓዘ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ፈረንሳዊው አሌክሲ ደ ቶክቪል ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ የጻፈው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ጀንትልማንና የፈረንሳዩ «ጀንቲዮም» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ነገር ግን በእንግሊዝ ቃሉ በየምዕተ ዓመቱ ወደ ታች እየወረደ ሰፊውን ሰው ሸፈነ፤ አሜሪካ ሲሻገር ለዜጋ ሁሉ ሆነ። በፈረንሳይ ግን እንደ ታጠረ ቀረ፤ አብዮቱ ሲመጣ ከአጥሩ ጋር አብሮ ወደቀ። የዚህ ቃል ታሪክ የዴሞክራሲ ታሪክ ነው ይላል። የውርስ መኳንንትነት በፈረንሳይ በሰኔ 1790 እ.ኤ.አ. ተሻረ፤ ፈረንሳዮቹም ዛሬ መልካም ጠባይ ያለውን ሰው ሲያመሰግኑ ከእንግሊዞች ተውሰው «ጀንትልማን» ይላሉ።

ሌሎቹም ሕዝቦች በዚሁ ጥያቄ ላይ ተንገላተዋል። ቻይናዎች «ጁንዝ» ይላሉ፤ ፊደሉ የሚለው «የጌታ ልጅ» ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 ያረፈው ኮንፊሽየስ ይህንኑ ቃል ወስዶ ተማሪዎቹን ሲያስተምር፣ ጁንዝ የሚሆነው የጌታ ልጅ ሳይሆን ራሱን ያነጸ፣ ለእውነት የቆመ ሰው ነው አለ። ከኒውማን በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ። ቱርኮች «ኤፈንዲ» የሚሉት ከግሪክ የወረሱት የጌትነት ማዕረግ ነው፤ ዛሬ ግን ጨምት ሰው ሲያዩ ኤፈንዲ ነው ይላሉ። ዐረቦች «ሙሩዋ» የሚሉት በጎ ጠባይ ሰው ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ሰው መሆን ማለት ነው፤ ከሁሉም ደስ የሚለኝ ይህ ነው። ስፔኖች ሁለት አላቸው። አንዱ «ካባዬሮ» ነው፤ ባለ ፈረስ ማለት ነበር፤ ዛሬ የወንዶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ሁለተኛው «ኢዳልጎ» ነው፤ ቃል በቃል የአንድ ነገር ልጅ፣ አንዳች ያለው ሰው ልጅ ማለት ነው።

ኢዳልጎን ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የእኛው «ባላባት» ነው። ባለ አባት፤ አባት ያለው። ታዲያ አባት የሌለው ሰው የትኛው ነው? ሁላችንም ከአባት ነው የተወለድነው። ባላባት ሲባል ግን አባቱ የሚቆጠር፣ ስሙ ከርስት ጋር የሚጠራ ሰው ማለት ነው። የሌላው አባት አባት አልተባለም። ስፔንና ኢትዮጵያ ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሠሩ፤ አንድ በደልም ሠሩ።

አሁን አጎቷ ወደ ጠሩት ወደ ሁለተኛው ቃል ልምጣ። ጨዋ።

በግእዝ «ፄዋ» ምርኮ ነው፤ «ፄወወ» ማረከ ነው። በመዝሙረ ዳዊት መቶ ሃያ አምስተኛው፣ እግዚአብሔር የጽዮንን ምርኮ በመለሰ ጊዜ በሚለው ላይ ግእዙ የሚለው ፄዋ ነው፤ እናትህ በቃሏ ትልልሃለች። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በየጠረፉና በየአውራጃው የሚሰፍሩ የንጉሥ ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር። የታሪክ ሊቃውንት ስሙን ከዚሁ ከምርኮ ጋር ያያይዙታል፤ በዘመቻ የተማረኩ ሰዎች ከንጉሡ ጭፍራ ውስጥ ይገቡ ነበርና። ጭፍሮቹ በሰፈሩበት መሬት ተሰጣቸው፤ ገበሬው አበላቸው፤ ልጆቻቸው የመሬቱ ጌቶች ሆኑ። የልጅ ልጆቻቸው ዘንድ ሲደርስ ጨዋ ማለት ከትልቅ ቤት የተወለደ፣ ለማንም የማይገብር ማለት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እንደ እንግሊዙ ወደ ጠባይ ተሻገረ፤ ቁጥብ፣ አፉን የሚጠብቅ፣ ሰው የማይዳፈር ሰው ጨዋ ተባለ። በቤተ ክህነት ግን እስከ ዛሬ ሌላ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ፣ ዜማና ቅኔ ያልተማረ ሰው ጨዋ ይባላል፤ የወታደሩ ወገን እንጂ የካህኑ ወገን አይደለምና።

እንግዲህ የሲሴሮን ሦስተኛ መለኪያ አምጣት። ሮማዊው ጌንቲሊስ ለመባል ከአያቶቹ አንድም ምርኮኛ፣ አንድም ባሪያ እንዳይገኝ ግድ ነበር። የእኛ ጨዋ ግን ስሙን ያገኘው ከምርኮኛው ነው። «የጨዋ ዘር ነኝ» ብሎ የሚኮራ ሰው በቃሉ ሥር ብትቆፍር የምታገኘው እጁን ታስሮ ከአገሩ የተነዳ ሰው ነው። ይህ ለእኔ ውርደት አይደለም፤ የቋንቋችን ትልቁ እውነት ነው። ምርኮኛው በጥቂት ትውልድ የክብር መለኪያ መሆን ከቻለ፣ ክብር በደም አይወርድም ማለት ነው። አጎቷ ግን ቃሉን የያዙት በመካከለኛው ዘመኑ ላይ ነው፤ ምርኮኛውን ረስተው፣ ጠባዩን ዘለው፣ መሬቱና ዘሩ ላይ ቆሙ። ክፉ ሰው ናቸው አልልም። የተነገራቸውን ነው የያዙት።

«ወይዘሮ» የሚለውን እንኳ ተመልከት። ለንጉሥና ለመሳፍንት ወገን ሴቶች ብቻ የሚሰጥ ማዕረግ ነበር። ዛሬ ጉሊት የምትቸረችረዋ እናት በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ወይዘሮ ናት። ይህንን ስም ወደ ታች ያወረደው ማንም ይሁን ማን፣ እኔ አመሰግነዋለሁ። ቶክቪል አማርኛ ቢችል ኖሮ ምዕራፍ ይጨምርበት ነበር።

አሁን ስለ አያትህ። አያትህ ሸማኔ ነበሩ፤ ይህንን ታውቃለህ፤ ያላወቅከው ምን ዓይነት ሸማኔ እንደነበሩ ነው። ጉድጓዳቸው ውስጥ ከጠዋት ገብተው መወርወሪያቸውን ሲያመላልሱ ድሩ አይበጠስባቸውም ነበር። ጥለቱን ሲጥሉ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ሆኖ ነው፤ በጀርባ በኩል የሚታይ ቋጠሮ የለም። ማግ ያመጣ ሰው የተረፈውን ማግ ይመለስለታል፤ ማንም አይጠይቃቸውም፣ ግን ይመልሳሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የሠሩትን ነጠላ ለብሰው ጥምቀት የወጡት ሰዎች ግን ልጃቸውን አይድሩላቸውም ነበር። እኔም አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ የእናትህ ወገኖች ሁለት ዓመት አንከራተውኛል። ይህንን የምነግርህ ለቅያሜ አይደለም፤ እነርሱም በኋላ አያትህን እንደ አባት አከበሩ።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር አዋጅ አውጥተዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያሉ፣ ሸማ የሚሠራውንም እንዲሁ እያንቋሸሹ መኖር ይብቃ አሉ። ምክንያታቸውን ሲሰጡ የሰው ሁሉ አባትና እናት አዳምና ሔዋን ናቸው፣ ሌላ ግንድ የለም፤ እግዚአብሔርም አዳምን በፊትህ ወዝ እንጀራህን ብላ ብሎታል አሉ። በአውሮፓ መድፍና ባቡር የሚሠራ ሰው መሐንዲስ ተብሎ ሲከበር እናንተ በስድባችሁ አገሬን ማረሻ የሚሠራ እንኳ ታሳጧታላችሁ አሉ። ከእንግዲህ የሚሰድብ እኔን እንደ ሰደበ ነው፣ ቅጣቱም አንድ ዓመት እስራት ነው አሉ። ብላክሂዝ ሜዳ ላይ ያ ቄስ የተሰቀለበትን ነገር አምስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የእኛ ንጉሥ በአዋጅ አስነገሩት፤ በዚያው በአዳምና በሔዋን። አዋጅ ግን ሠርግ አያዝም። ስድቡን ከአደባባይ ቢያስወጣውም ጋብቻ በሚጠየቅበት እልፍኝ ውስጥ ቀረ፤ እልፍኙም ከነጥያቄው ባሕር ተሻግሮ ሎንዶን ደረሰ። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። እዚያው ሎንዶን የምድር ባቡሩ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገደኛውን «ክቡራትና ክቡራን» ማለት ትቶ ሁሉን በአንድ ላይ ሰላም ይላል፤ የእኛ ሰው ግን ከባቡሩ ወርዶ ቤቱ ሲገባ አያት ይቆጥራል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ይህንን ሁሉ ታሪክ አጎቷን ለማሳፈር እንዳታውለው፤ ታላቅህ ናቸው፣ ቤታቸውም በልተሃል። መጀመሪያ ለእጮኛህ ንገራት፤ ከሰው ከምትሰማው ካንተ ትስማው። ከዚያ ሽማግሌ ስትልክ፣ ገና ሳይጠየቁ፣ የአያትህን ሥራ ሽማግሌዎቹ ይናገሩ። ሸማኔ ነበሩ ይበሉ፤ እጃቸው ንጹሕ ነበር፣ የሰው ማግ አላስቀሩም ይበሉ። አጎቷ እንቢ ቢሉ ልጅቷ የምትለውን ስማ እንጂ አትቆጣ፤ አንድ ጊዜ እንቢ ያለ ሽማግሌ ሁለተኛም ሦስተኛም ይላክበታል፤ እኔን የዳሩኝ በአራተኛው ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በቤተ ክርስቲያናችሁ የሚያገለግሉት ካህን እንዲሆኑ እወዳለሁ፤ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ፣ አድራሻቸውን ላክልኝ።

ቀኑ ሲቆረጥም ቶሎ አሳውቀን። የእናትህ ፓስፖርት ጊዜው አልፏል፤ ማሳደሱ ጊዜ ይወስዳል። እርሷ ለሙሽራዋ የሚሆን ጥለት ማስጣል ጀምራለች፤ ቀዩን ትወድ እንደሆነ ወይስ አረንጓዴውን ጠይቀህ ንገረን።

አባትህ